ሦስት ለሁለት፡- ስለ አንድ ብርቅ ማዕድንና ስለ ቀነስኩት ማርክ

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከአንዲት ሠልጣኝ ላይ አራት ማርክ ቀንሻለሁ። ይህን የግድግዳ ጋዜጣ ቆማችሁ የምታነቡ ሠልጣኞች «መምህራን ማርክ መቀነስ ልማዳቸው አይደለም ወይ? ይኼ ምን ዜና ሆነና ተለጠፈ?» እንደምትሉ እገምታለሁ። ዜናው የማርኩ መቀነስ አይደለም፤ የቀነስኩት ተሳስቼ መሆኑ ነው። ስሕተቴን ያሳየኝም በሩቅ አገር፣ በአርጀንቲና ተራሮች የተገኘ፣ በእጄ ይዤው የማላውቅ አንድ ድንጋይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠልጣኟ ለስምንተኛ ክፍል ስለ ፎርሙላ አጻጻፍ ታስተምር ነበር። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የምዘና ቅጹን እሞላለሁ። መዳብንና ኦክስጅንን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈች፤ የመዳብ ቫለንሲ አንድም ሁለትም ሊሆን እንደሚችል፣ የኦክስጅን ግን ሁለት መሆኑን አስረዳች። ከዚያም ሁላችንም እንደተማርነው ቁጥሮቹን በመስቀለኛ አለዋውጣ ሁለት ፎርሙላ አወጣች፤ አንደኛው ሁለት መዳብ ለአንድ ኦክስጅን፣ ሌላው አንድ ለአንድ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ታዲያ ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ሦስት መዳብ ለሁለትስ አይሆንም?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ። ሠልጣኟ ጠመኔዋን እንደያዘች ጥቂት አሰበችና «እኔ አላውቅም። ፈልጌ እነግርሻለሁ» አለቻት።

እኔ ምን አደረግሁ? ቅጹ ላይ «በርዕሱ ላይ በቂ ቁጥጥር የላትም፤ የተማሪን ጥያቄ በልበ ሙሉነት አልመለሰችም» ብዬ ጻፍኩ። አራት ማርክ ቀነስኩ። በልቤ የነበረው መልስ «አይሆንም፤ ቫለንሲው አይፈቅድም» የሚል ነበርና ሠልጣኟ እንዲህ ብላ አለመመለሷ አናደደኝ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ደብተሯን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ስለ ማርኩ ልትከራከር የመጣች መስሎኝ ፊቴን ኮስተር አደረግሁ። እሷ ግን ስለ ማርኩ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። «መምህር፣ ያቺ ልጅ የጠየቀችውን ፈልጌ ነበር። በኦክስጅን ሦስት ለሁለት የሆነ አላገኘሁም፤ ፓራሜላኮናይት የሚባል አራት ለሦስት የሆነ ግን አለ። ሦስት ለሁለቱን ያገኘሁት በሴሌኒየም ነው» ብላ ደብተሯን ዘረጋችልኝ። «ኡማንጋይት» ይላል። ሦስት መዳብ፣ ሁለት ሴሌኒየም።

እኔም ሽንፈትን ላለመቀበል ወዲያው እርሳስ አነሳሁ። ከሦስቱ መዳቦች ሁለቱ አንድ አንድ፣ ሦስተኛው ሁለት ቢሰጡ ድምሩ 4 ነው። ሁለቱ ሴሌኒየሞች ሁለት ሁለት ቢቀበሉ ያውም 4 ነው። «ይኸው ታረቀ!» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «መምህር፣ እርቁን ያዩት ድንጋዩ ውስጥ ነው ወይስ ወረቀቱ ላይ?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ወረቀቱ ላይ ነበር። መጀመሪያ መልሱን ሰምቼ፣ ከዚያ ስሌቱን ለመልሱ ሰፋሁለት። ሦስት ለአምስት ብትለኝም ኖሮ የሆነ ዓይነት ስሌት ሳልሰፋላት አልቀርም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ድንጋይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ከፊሉን እዚህ ላካፍላችሁ።

ሴሌኒየም በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ላይ ኦክስጅንና ድኝ ባሉበት ዓምድ ከድኝ ቀጥሎ ያለ ንጥረ ነገር ነው። የተገኘው በ1817 እ.ኤ.አ. በስዊድን አገር ነው። ፋሉን ከተባለው የመዳብ ማዕድን ማውጫ በመጣ የድኝ ማዕድን የሚሠራ የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ነበር፤ በእርሳስ በተለበጡት ክፍሎቹ ወለል ላይ ቀላ ያለ ዝቃጭ ይቀር ነበር። በርዜሊየስና ጋን የተባሉት ኬሚስቶች ዝቃጩን መረመሩት። ሲቃጠል በሚሰጠው ሽታ የተነሣ መጀመሪያ ቴሉሪየም መስሏቸው ነበር። በርዜሊየስ ደግሞ ደጋግሞ ሲመረምረው አዲስ ንጥረ ነገር ሆኖ አገኘው። ቴሉሪየም በመሬት ስም የተሰየመ ስለነበር ይህንን በጨረቃ ስም፣ በግሪኩ ሴሌኔ፣ ሰየመው። ጥቂት ቆይቶ ስሞላንድ በተባለው ግዛት፣ ስክሪከሩም ከሚባል የመዳብ ማውጫ የመጣ ድንጋይ ሲመረምር መዳብ፣ ብርና ሴሌኒየም አብረው አገኘ። በጥሩ ጊዜ ደረስክልኝ ለማለት ያህል ማዕድኑን ዩካይራይት ብሎ ጠራው፤ ትርጉሙ «በደህና ጊዜ የመጣ» እንደ ማለት ነው። (በነገራችን ላይ ሳይንቲስት ሲደሰት እንደ ሰው ይደሰታል፤ ይህን በክፍል ውስጥ አንናገርም።) በ1832 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዚያው ከስክሪከሩም የተገኘ ሌላ የመዳብና የሴሌኒየም ማዕድን በእሱ ስም በርዜሊያናይት ተባለ።

የእኛ ድንጋይ ግን ከስዊድን አልተሰየመም። በአርጀንቲና ሰሜን ምዕራብ፣ ላ ሪዮሃ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሲየራ ዴ ኡማንጎ የሚባል የተራራ ሰንሰለት አለ። ከዚያ የመጣውን ናሙና መርምሮ በ1891 እ.ኤ.አ. ኡማንጋይት ብሎ ያስተዋወቀው ክሎክማን የተባለ የጀርመን የማዕድን ሊቅ ነው። ክሎክማን የእኛው ሙያ ሰው ነው፤ አስተማሪ ነበር፤ የጻፈው የማዕድን ጥናት መማሪያ መጽሐፍም እሱ ካለፈ በኋላ ሌሎች እያሻሻሉት በስሙ ሲታተም ኖሯል። ከዚያው ከኡማንጎ ተራራ የተገኘ ሌላ የመዳብና የሴሌኒየም ማዕድን ደግሞ ራምዶር የተባለ ሊቅ በ1928 እ.ኤ.አ. ክሎክማናይት ብሎ ሰይሞለታል።

ኡማንጋይት ሲሰበር አዲሱ ገጽ ወደ ቀይ የሚያደላ ጥቁር ሰማያዊ ነው። አየር ሲያገኘው ወደ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ይለወጣል። ቦርናይት የሚባለውን የመዳብና የብረት ማዕድን የሚያውቅ ሰው በዓይን ብቻ ሊሳሳት ይችላል። እንደ ብረት ያብለጨልጫል፤ ብርሃን አያሳልፍም። ጥንካሬው 3 ነው፤ በሚስማር ይጫራል። እፍግታው ግን ከውሃ ከስድስት እጥፍ በላይ ስለሆነ እጅ ላይ ሲቀመጥ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ውበቱ የሚታየው ተወልውሎ ከማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ነው። ናሙናው ሲዞር ቀለሙ ከጥቁር ቀይ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይገለባበጣል፤ በተሻገሩ የብርሃን ማጣሪያዎች መካከል ሲታይ ደግሞ እንደ ፍም ብርቱካንማ ይሆናል። ያየ ሰው አይረሳውም ይባላል። ለጌጥ የሚሆን ክሪስታል ግን ከእሱ አይጠበቅም፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በካልሳይት ሥር ውስጥ እንደ ደቃቅ እህል ተጠቅጥቆ ነው።

ለምን ብርቅ ሆነ ቢባል ጥፋቱ የድኝ ነው። በመሬት ቅርፊት ውስጥ ሴሌኒየም ከድኝ በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነው። የሁለቱ አቶሞች መጠን ስለሚቀራረብም ድኝ ባለበት ሁሉ ሴሌኒየም የድኝን ቦታ ተሻምቶ በድኝ ማዕድኖች ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። የራሱን ቤት ሠርቶ የሚታየው ፍል ውሃ በዓለት ስንጥቅ ሲያልፍ፣ ድኙ አንሶ ሴሌኒየሙ በአንጻሩ ሲበረክት ብቻ ነው። ስለዚህ ኡማንጋይት የሚታወቀው በጥቂት ቦታዎች ነው፤ በአርጀንቲና፣ በስክሪከሩም፣ በጀርመን የሃርስ ተራሮች፣ በቼክ አገር፣ በካናዳም አታባስካ ሐይቅ አጠገብ ባለው የዩራኒየም አካባቢ። በዚህ በመጨረሻው ቦታ ኡማንጋይትን እየተካ የሚገኝ አምስት መዳብ ለአራት ሴሌኒየም የሆነ ሌላ ማዕድን በ1970 እ.ኤ.አ. አታባስካይት ተብሎ ተመዝግቧል። አምስት ለአራት! ያቺ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

አንድ ሌላ ጠባይም አለው። ኡማንጋይት ሙቀት አይችልም። ወደ 112 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ሁለት መዳብ ለአንድ ሴሌኒየም የተጠጋ፣ ሌላው አንድ ለአንድ። ደምሯቸው፤ ሦስት ለሁለት ይመጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከሻይ ጀበናችን 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ሲል ድንጋዩ ድንጋይነቱን ይለውጣል ማለት ነው። የሥነ ምድር ሰዎችም ኡማንጋይት ያዩበትን ሥር «ይህ ማዕድን ሲሠራ ቦታው ከዚህ ሙቀት በታች ነበር» ብለው ያነቡታል። ቴርሞሜትር ባልነበረበት ዘመን የተቀመጠ ቴርሞሜትር ነው።

አሁን ወደ ክርክሬ ልመለስ። ሦስቱን የመዳብና የሴሌኒየም ወንድማማቾች ጎን ለጎን እንያቸው። በርዜሊያናይት በመጽሐፍ ሁለት ለአንድ ተብሎ ይጻፋል፤ ለመስቀለኛው ዘዴ ታዛዥ ይመስላል። ሲለካ ግን መዳቡ ከሁለት ጎደል ብሎ ይገኛል፤ ጉድለቱም ከናሙና ናሙና ይለያያል። ክሎክማናይት አንድ ለአንድ ነው፤ እሱም ታዛዥ ይመስላል፤ መዳብ ሁለት፣ ሴሌኒየም ሁለት፣ አለቀ። ውስጡ ሲመረመር ግን ከሴሌኒየሞቹ ብዙዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርሳቸው ተያይዘዋል፤ መዳቡም ባለ ሁለት ቫለንሲ ሆኖ ሳይሆን ወደ አንድ ተጠግቶ ይገኛል። እንግዲህ አስተውሉ። «ሕግ የጣሰ» የመሰለው ኡማንጋይት ብቻ አይደለም። ሕጉን ያከበሩ የመሰሉት ሁለቱም በውስጣቸው ሌላ ነገር ይዘዋል። የመስቀለኛው ዘዴ ትክክለኛ መልስ ሲሰጠን እንኳ በተሳሳተ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አስተማሪን የሚያታልለው ደግሞ ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም መልሱ ልክ ስለሆነ ማንም አይጠይቅም።

የተሳሳትነው የት ላይ ነው? በበኩሌ ቅደም ተከተሉ ላይ ይመስለኛል። እኛ ቫለንሲን አስቀድመን ፎርሙላን ከእሱ እንወልዳለን። ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዛሬ ሰሌዳ ላይ የምንጽፋቸውን የንጥረ ነገር ምልክት ፊደላት የሰጠን ያው ሴሌኒየምን ያገኘው በርዜሊየስ ነው፤ እሱም እነዚያን ፊደላት በ1810ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ቫለንሲ የሚባል ሐሳብ ገና አልነበረም። የቫለንሲ ሐሳብ የመጣው በ1850ዎቹ ነው። ታዲያ በርዜሊየስ ቁጥሮቹን ከየት አመጣቸው? ከሚዛን! ዕድሜውን የፈጀው ሲመዝን ነው።

በኡማንጋይት እንሞክረው። ከ100 ግራም ንጹሕ ኡማንጋይት ውስጥ 54.7 ግራሙ መዳብ፣ 45.3 ግራሙ ሴሌኒየም ነው። የመዳብን ለ63.5፣ የሴሌኒየምን ለ79 ብናካፍል 0.861 እና 0.573 እናገኛለን። ትልቁን ለትንሹ ስናካፍል 1.5። አንድ ተኩል ለአንድ፤ ማለት ሦስት ለሁለት። መስቀለኛ የለም፤ ቫለንሲ የለም፤ ማካፈል ብቻ። ሁለት ለአንድ ቢሆን ኖሮ መዳቡ 61.7 ግራም፣ አንድ ለአንድ ቢሆን 44.6 ግራም ይሆን ነበር። ልዩነቱ በሚዛን የሚታይ ነው። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ይህን ስሌት መሥራት ይችላል፤ ማካፈል ያውቃልና።

«እሺ፣ ለልጆቹ ሴሌኒየም እናምጣላቸው?» የሚል አይጠፋም። ኧረ በፍጹም! ሴሌኒየም በጥቂቱ ለሰውነት የሚያስፈልግ፣ ሲበዛ ግን የሚመርዝ ነገር ነው፤ ሲሞቅ የሚወጣው ጭስም ጎጂ ነው። (በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በኢትዮጵያና በማላዊ እህል ውስጥ ያለው የሴሌኒየም መጠን ከቦታ ቦታ በጣም እንደሚለያይ ታይቷል፤ ጤፋችንም ከዚህ ውስጥ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ የባዮሎጂ ክፍል ባልደረቦቼ ይጻፉበት።) ለክፍል የሚሆነው ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት ነው። 10 ግራም መዝኑ፤ መስኮት ከፍታችሁ በዝግታ አሙቁት፤ ሰማያዊው ጠፍቶ ነጭ ሲሆን፣ ቀዝቅዞ እንደገና መዝኑት። በጥንቃቄ ከተሠራ 3.6 ግራም ያህል ጎድሎ 6.4 ግራም ያህል ይቀራል። የጎደለው ውሃ ነው። ቀሪውን ለ159.6፣ ውሃውን ለ18 አካፍሉ፤ ለአንድ መዳብ ሰልፌት አምስት ውሃ ይመጣል። ይህ «5» ከየትኛውም ቫለንሲ በመስቀለኛ አይወጣም! ሠልጣኞች ግን ለዓመታት በቃላቸው ሲያነበንቡት ኖረዋል፤ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሐሳቤን ለአንዳንድ ባልደረቦቼ አጫውቻቸው ነበር። አንዱ «ብሔራዊ ፈተና የሚጠይቀው መስቀለኛውን ነው፤ ልጆቹን ግራ ታጋባቸዋለህ» አለኝ። ቁም ነገር አለው፤ አላጣጥለውም። ሰማንያ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል፣ አንድ ሚዛን በሌለበት ትምህርት ቤት፣ አንዲት ሠልጣኝ በ40 ደቂቃ ውስጥ ምን ታድርግ? መስቀለኛው ዘዴ ቶሎ የሚያዝ ነው፤ ለጨው፣ ለኖራ፣ ለአብዛኛው የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌም ይሠራል። ይቅር አላልኩም። እኔ የምለው «ይህ ግምት ነው፤ ዳኛው ሚዛን ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጨመር ነው። ይህችን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ሌላው ባልደረባዬ ደግሞ «አስተማሪ አላውቅም ካለ ክፍሉ ከእጁ ይወጣል» አለ። በዚህ ግን አልስማማም። ያን ዕለት ክፍሉ ከሠልጣኟ እጅ አልወጣም። እንዲያውም «ፈልጌ እነግርሻለሁ» ስትል ሳቁ ቆመ፤ እኔ ቅጽ በመሙላት ተጠምጄ ይህን አላስተዋልኩም እንጂ። በኋላም ተመልሳ ሄዳ ለልጅቱ ነግራታለች። «አይሆንም፤ ቫለንሲው አይፈቅድም» ብላ እኔ የፈለግሁትን መልስ ብትሰጥ ኖሮ ሙሉ ማርክ አግኝታ፣ ልጅቱን ሐሰት አስተምራ በሄደች ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የማስተማር ልምምድ ምዘና ቅጻችን ላይ «የተማሪዎችን ጥያቄ በልበ ሙሉነት መመለስ» የምትለው መስመር ትታረም። ልበ ሙሉነት የዕውቀት ምልክት ነው ብሎ የወሰነ ማን ነው? በምትኩ ጥያቄው በትክክል ስለ መመለሱ፣ ያልታወቀውም ተፈልጎ ለክፍሉ ስለ መቅረቡ ማርክ ይሰጥ። ገምጋሚው አንድ ቀን ብቻ ስለሚመጣ ይህን ማየት አይችልም የምትሉ ልክ ናችሁ፤ ሠልጣኙ ያገኘውን መልስ በጽሑፍ ለገምጋሚው ማቅረብ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቤተ ሙከራችን ውስጥ ካሉት ሚዛኖች ቢያንስ ሁለቱ ተጠግነው ሠልጣኞች ለልምምድ ሲወጡ ይዘዋቸው ይሂዱ። ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው አቧራ ከሚጠጡ መንገድ ላይ ቢሰበሩ ይሻላል፤ ይህን ስጽፍ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ እንደማይደሰቱ አውቃለሁ።

የሠልጣኟን ስም ያልጻፍኩት እሷ ስላልፈቀደች ነው። አራቱ ማርክ እንዲመለስላት ባለፈው ሰኞ ለክፍሉ ኃላፊ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። ደብተሯን በእሷ ፈቃድ ገልብጬዋለሁ፤ የኡማንጋይት፣ የክሎክማናይትና የአታባስካይት ስሌቶች ሁሉ አሉበት። ማየት የሚፈልግ ሠልጣኝም ሆነ መምህር ከማክሰኞ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ይምጣ። ስሌቱ ላይ ስሕተት የሚያገኝ ካለም እዚሁ ጋዜጣ ላይ ይጻፍልኝ።